የሐውልቷ አፍንጫ

«በቃ፣ አለቀልኝ» አለች ድንቡሼ። የግሪካዊቷ እመቤት የጀሶ ጭንቅላት ከጎማው ቅርጽ ማውጫ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል፤ አፍንጫው ግን ጎማው ውስጥ ቀርቷል።

አክስቷ የጥንት ግሪኮችን ሐውልቶች አስመስላ በጀሶ እየሠራች ለሳሎንና ለግቢ ማስዋቢያ ትሸጣለች። ድንቡሼን ከሕፃንነቷ ያሳደገቻትም በዚሁ ሥራ ነው። ሕጓ አንድ ነው፦ ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ መዳፍሽን አሳርፊበት፣ ሙቀቱ ካልለቀቀው አትክፈቺው። ዛሬ ግን ጓደኛዋ ሽቦ በር ላይ ቆማ «ኧረ ፍጠኚ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው» እያለች ስታጣድፋት፣ ድንቡሼ መዳፏን ማሳረፉን ረስታ ጎማውን ገሽልጣ አወጣችው።

ሽቦ ለሁሉም ነገር መላ አታጣም። «ምን ያስጨንቅሻል? የድሮዎቹም እኮ አፍንጫ የላቸውም። ኦሪጅናሉም እንዲህ ነው በያት አክስትሽን። ፋራ አትሁኚ።»

ውሸቱ እውነት ይመስላል፤ ክፋቱም እሱ ነው። ወዲያው የድንቡሼ አክስት ደንበኛዋን አስከትላ ገባች። ደንበኛዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ይህች ጭንቅላት ካማረቻቸው የግቢያቸውን ሐውልቶች በሙሉ ሊያዙ ነው። አክስቷ እንዲህ ያለ ሥራ ስትመኝ ነው የከረመችው።

«አፍንጫዋስ?» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

አክስቷ ሐውልቷን አየች፣ ጎማውን አየች። ድንቡሼን ግን ዞር ብላም አላየቻትም። «ይቅርታ እትዬ፣ እኔ ነኝ። ቸኩዬ ከፈትኩት።»

ይህች ሴት በሥራዋ ቸኩላ አታውቅም። ድንቡሼን እናት ሆና ማሳደጓ አንሶ ጥፋቷንም ልትሸከምላት።

«እሷ አይደለችም» አለች ድንቡሼ። «የቸኮልኩት እኔ ነኝ። የእሷን ሥራ በእኔ አይመዝኑባት፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው ሌላ ሥሪልኝ፣ ልጄ። እጠብቃለሁ፤ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?»

አክስቷ የጀሶውን ባልዲ ወደ ድንቡሼ ገፋ አደረገችላት።

«ጨዋታውስ?» አለች ሽቦ ከበሩ።

«ሂጂ፣ አትጠብቂኝ።»

ድንቡሼ የቀረውን አፍንጫ ከጎማው አውጥታ፣ አዲስ ጀሶ በጥብጣ ውስጡ አፈሰሰችው። ቆየት ብላ መዳፏን አሳረፈችበት፤ ሞቅ ብሏል። የአክስቷም መዳፍ መጥቶ ከመዳፏ ጎን አረፈ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እቴቴ» አለቻት ድንቡሼ ቀስ ብላ።

«ደረሰ እንዴ?» አለች አክስቷ።

«ገና ነው» አለችና ድንቡሼ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።