ያልቀመስኩት ውሃ

ሌላው ሰው ሲወድ ይሽኮረመማል አሉ። እኔ መንግስቴን የወደድኩት ተናድጄ ነው፤ ንዴቱም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። አባቴ ግራዝማች አያሌው ይባላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቤቱ ጣጣ ሁሉ በእኔና በጌጤ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ጌጤ ልጅ ሆና ቤታችን ገብታ እዚያው ያደገች ሠራተኛ ናት። የቤተሰቡም፣ የእንግዳውም፣ የአራሾቹም፣ የአባቴ በቅሎ ሳትቀር የምትጠጣው ውሃ በእኛ ጀርባ ነው ከምንጩ ዳገቱን የሚወጣው። ያችን ምንጭ ከብቱም ይጠጣባታል። በበጋ ውሃዋ ሲያንስ ደግሞ አልቅት ይሞላባታል።

አንድ ጠዋት እንስራዬን አዝዬ ስወርድ፣ ሱሪ የለበሰ ወጣት ምንጩ ዳር ቁጢጥ ብሎ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ፀሐይ እያነሳ ያያል። ወደ ከተማው ክሊኒክ አዲስ የመጣው የጤና ረዳት መሆኑ ገባኝ፤ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር።

«ይህንን ነው የምትጠጡት?» አለኝ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳይል።

«ኧረ ለጌጥ ነው! ተሸክመነው ዳገት ለዳገት የምንዞረው ሰው እንዲያየን ብለን ነው።»

ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀ። «ይቅርታ። እንደምን አደርሽ? መንግስቴ እባላለሁ» አለኝ።

እንስራውን ሞልቼ ላዝል ስል ሮጦ መጣና አነሳልኝ። ክብደቱን አላወቀውም ኖሮ ተንገዳገደና ውሃው ደረቱ ላይ ተንቦጫረቀ። እንደ ምንም ጀርባዬ ላይ ካደረገልኝ በኋላ ትክ ብሎ አየኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትወርጂው?»

ሳልመልስለት ሄድኩ። ዳገቱን እየወጣሁ ግን በንዴት ጨስኩ። እሱ ማን ስለሆነ ነው የሚጠይቀኝ? ደግሞስ እስከ ዛሬ ሌላው ሰው ምን ሆኖ ነው ያልጠየቀኝ?

በሳምንቱ ቤታችን መጣ። አባቴ እንግዳ ይወዳል፤ የስማዳ ሰው ልጅ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ እንደ ዘመድ አጠገቡ አስቀመጠው። የአባቴ የልብ ወዳጅ መሪጌታ ወልደ ገብርኤልም ነበሩ። ሐረገ ወይን ውሃ አምጪ ተባለ፤ ሐረገ ወይን እኔ ነኝ።

በአገራችን ውሃም ሆነ ጠላ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። እኔ የምጠጣውን ነው የምትጠጣው፣ አትስጋ ማለት ነው። እኔም ቀምሼ ዋንጫውን ሰጠሁት። ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ተቀበለኝ፤ ልቤ ሲደልቅ ሰው የሚሰማብኝ መሰለኝ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣና ዋንጫው አፍ ላይ ጣል አድርጎ በመሐረቡ አጥልሎ ጠጣ።

አባቴ የራሱን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ልጄ በፊትህ ቀምሳ ነው የሰጠችህ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። አባቴ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ሲናገር ነው የሚያስፈራው። «የአያሌው ቤት ሰው ይመርዛል ያለህ ማን ነው?»

መንግስቴ መሐረቡን አየ፤ እኔን አየኝ። ያደረገው ነገር የገባው ያኔ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለክፋት አይደለም...»

«የስማዳ ልጅ ነኝ አላልከኝም? ስማዳ ሰው የለም? ትምህርት ቤት ነው ይህን ያስተማረህ? ውጣ!»

ከአባቴ የባሰ የተቃጠልኩት እኔ ነበርኩ። የተጠረጠረው የእኔ እጅ ነው።

በማግስቱ ምንጩ ዘንድ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ልትሰድቢኝ ከሆነ ስደቢኝ» አለ። «ስትጨርሺ ግን ስሚኝ።»

ሰደብኩት፤ ደህና አድርጌ። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠና ስጨርስ ነገረኝ። ልጅ ሆኖ ስማዳ ከወንዝ ሲጠጣ አልቅት ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ነበር። ደም እየተፋ ከርሞ፣ እናቱ የትምባሆ ውሃ ግታው ነው የወጣለት።

«ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲሰጡኝ እጄ ራሱ ነው መሐረቡን የሚያወጣው። በዚያ ላይ ትናንት ልብ አልነበረኝም፤ አንቺን እያየሁ ነበር።»

«አልቅት ፈርተህ ሰው ታዋርዳለህ!» አልኩት። ሳቄ ግን አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። እንስራዬ ሞልቶ ሲፈስ ያየ የለም።

ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር የሚያወራኝ ስለ ውሃ ነበር። ፍቅረኛ ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ ያወራል፤ የእኔው ስለ ጋን ያወራል። አንዱ ጋን ከሌላው በላይ ይቀመጣል፤ የላይኛው ቂጡ ተበስቶ ጠጠር፣ አሸዋና የተቀጠቀጠ ከሰል በየተራ ይሞላበታል፤ ውሃው በዚያ አልፎ ጠርቶ ወደ ታችኛው ይወርዳል።

«ለማን ይበቃል?» አልኩት።

«ለቤቱ ሰው ሁሉ ነዋ! ለአራሾቹም፣ ለጌጤም፣ ለአንቺም።»

ይሄኔ ነው በቁሜ የወደድኩት።

አባቴ ግን ቁስሉ አልሻረለትም። ውሃዬ ተጠረጠረ እያለ ሲብሰለሰል፣ የደብረ ታቦሩ ነጋዴ ውቤ ወሬውን ሰማ። ውቤ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ የቆየ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድም ቀን አናግሮኝ አያውቅም እንጂ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ከአስመራ የመጣ ነጭ የሸክላ ማጣሪያ ላከ፤ ከግርጌው የምታብረቀርቅ ቧንቧ አለችው። በዚያው ቀን መሪጌታ፣ መንግስቴ ለምኗቸው፣ ይቅርታውንና የጋኑን ሐሳብ ይዘው መጡ።

ጉድ እኮ ነው! ወንዶቹ ነጩን ማጣሪያ ከበው ተቀመጡ። አንዱ ቧንቧዋን ይከፍታል፣ አንዱ ክዳኑን ያንኳኳል፣ አንዱ የሐኪሙ ጋን ውሃን በአፈር ማጠብ ነው ብሎ ያስቃል። እንስራ አዝሎ የማያውቅ ጀርባ ሁሉ ስለ ውሃ ፈረደ። እኔ መጋረጃው ኋላ ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ነጩ ማጣሪያ ተመረጠ፤ አብሮም ውቤ ተመረጠ። ቁርጡ ቃል ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ሊሰጥ ተቀጠረ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ማጣሪያው እልፍኝ ውስጥ ተቀመጠ። የሚያወርደው ግን ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው፤ ለአባቴና ለእንግዶቹ እንኳ በግድ ነው የሚበቃው። አባቴ ማጀት ያለ ሰው ከእሱ እንዳይጠጣ አዘዘ።

«አባባ፣ ሽማግሌዎቹ ለቤቱ ነው የመጣው ሲሉ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ቤቱ እኔ ነኝ» አለኝ።

ጥቂት እንደቆየን ጌጤ ደም መትፋት ጀመረች። አልቅት ነው። አባቴ ወደ ንፋስ መውጫ ሄዶ ስለነበር ማንንም ሳላስፈቅድ ክሊኒክ ሄጄ መንግስቴን ጠራሁት። በጓሮ በር ገብቶ ጌጤን ወደ ብርሃን አዙሮ አስቀመጣትና በወረንጦ ይፈልግ ጀመር።

«ሽማግሌ ተልኮልሻል አሉ» አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር።

«ተልኳል።»

«አንቺስ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እጁን ገታ አደረገና ዞሮ አየኝ። «እኔ እየጠየቅኩሽ ነው።»

ጌጤ አፏን እንደከፈተች አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። እዚያው ማጀት ውስጥ በሹክሹክታ እሺ ብል ቃሌ ከዚያ ወዲያ እንደማያልፍ አውቄዋለሁ። እንባዬ መጣ። እሱም አልደገመውም፤ አልቅቱን አውጥቶ አሳየን፤ ጠግቦ ጣት አክሏል። የጌጤ ደም ነው ያጠገበው! የዚያን ቀን ንዴቴ ሌላ ሆነ።

የቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ፤ መሪጌታም አብረው ተቀመጡ። ጌጤ ከነጩ ማጣሪያ ቀዳችና ዋንጫውን ሁሉ አሰናዳችልኝ። ይዤ ገባሁ፤ ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ። አልቀመስኩም።

ሁሉም ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ። ያልተቀመሰ ውሃ ማን ይጠጣል?

«ሐረግ፣ ቅመሺ እንጂ» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

«አልቀምስም፣ አባባ። መቅመስ እኔም የምጠጣው ይህንኑ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ውሃ እንዳልጠጣ ተከልክያለሁ። ጌጤ ደም እየተፋች ውሸት አልቀምስም።»

«እንግዳ ፊት!»

«እንግዶቹም ይወቁት። እኛ የምንጠጣው አልቅት ያለበትን ነው። ለቤቱ ተብሎ የመጣው ማጣሪያ ለእልፍኙ ብቻ ሆነ። እኔም እንደ ማጣሪያው ተመርጬ ልሄድ ነው፤ ውሃውን የማመላልሰው እኔ፣ የምዳረው እኔ፣ የምትማከሩት እናንተ!»

አባቴ ብድግ አለ። በሕይወቴ ጮሆ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ምን?»

መልስ ፈልጎ አልነበረም የጠየቀኝ። ቁጣ ነው። ጥያቄ ግን ጥያቄ ነው፤ አባቴ ከተወለድኩ ጀምሮ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

«መንግስቴን» አልኩ። «ጋኑን ደግሞ ለሁላችን።»

መጀመሪያ ዋንጫቸውን መሬት ላይ ያስቀመጡት መሪጌታ ናቸው። «ግራዝማች፣ ጠየቁ፤ ተመለሰልዎት» አሉ። የውቤ ሽማግሌዎችም ሳይጠጡ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ማጣሪያው በአባቴ በቅሎ ተጭኖ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

አባቴ ክረምቱን ሙሉ አላናገረኝም። እኔም አልለመንኩትም፤ ምን አጥፍቼ? በየቀኑ እንስራዬን አዝዬ በፊቱ አልፋለሁ፤ እሱም ያያል። መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን እግሩ ረግጦት የማያውቀው ማጀት መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ትንሽ አመነታ።

«ጌጤ፣ ጉሮሮሽ እንዴት ነው?» አለ።

«ተሽሎኛል፣ ጌታዬ።»

ወደ እኔ ሳያይ፣ «ያ የስማዳ ልጅ መጥቶ ጋኑን ይሥራ፤ ሽማግሌም ይላክ» ብሎ ወጣ። ደስታውን አልቻልኩትም፤ ጌጤ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ያም ሆኖ እንዲህ ለማለት ክረምቱን ሙሉ መፍጀቱ ደግሞ አናደደኝ።

አሸዋውን ከወንዝ አውጥተን ያጠብነው እኔና መንግስቴ ነን፤ ጌጤ ጠባቂ ተብላ ከአጠገባችን ተቀምጣ እያንቀላፋች። ሳይታጠብ ከተሞላ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ስለዚህ እጣቢው ጥርት እስኪል ደጋግመን አጠብነው። እጃችን ውሃ ውስጥ ሲነካካ እጁን አልሰበሰበም፤ እኔም አልሰበሰብኩም።

«አሁን ልጠይቅሽ?» አለኝ።

«ጠይቀኝ።»

ጠየቀኝ። መለስኩለት። ያን መልስ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከዓመት ዓመት ጋኑ ከእኛ ቤት ወደ ጎረቤት፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ ተዛመተ፤ ሰውም የሐኪሙ ጋን ብሎ ስም አወጣለት። የሐኪሙ! አሸዋው የወጣው በማን ጀርባ ነው? በእልፍኙ ሽማግሌ ፊት ቆሞ የተከራከረው ማን ነው? ዛሬም ደጃችን መጥቶ ስለ ሐኪሙ ጋን የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ደሜ ይፈላል። ተናድጄ ልመልስ አፌን ስከፍት ግን ሁልጊዜ መንግስቴ ይቀድመኛል።

«የሐረገ ወይን ጋን ነው» ይላቸዋል።