ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ፉጨቱ ከመንገድ ሲሰማ ማሙሽ ማንኪያውን ወርውሮ ተነሳ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

«አባዬ መጣ!»

በሩ ላይ ሳይደርስ እህቱ በሸሚዙ ያዘችው። በአጥሩ ቀዳዳ አንድ የማያውቁት ሰው በሞተር ሲያልፍ ታየ። ማሙሽ ሰውየው ከዓይኑ እስኪሰወር አየውና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ገና አምስት ዓመቱ ነው። አባታቸው መሞቱን እናቱም እህቱም ደጋግመው ነግረውታል። እሱ ግን አንድ ጥያቄ አለው፤ «ታዲያ የሚያፏጨው ማነው?»

እህቱ አስራ አራት ዓመቷ ነው። ሰፈሩ እንደ እሾህ በሚዋጋው ምላሷ ምክንያት «ቆንጥር» ይላታል። ለዚህ ጥያቄ ግን ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ «ብላ» ብቻ ትለዋለች።

አባቷ ከቤታቸው ጎን ባለው ጋራዥ የቤንዚን ሞተር ሳይክሎችን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይር ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም፤ ኮቴ ሳያሰማ ሰው አጠገብ ይደርሳል። አንድ ቀን የማዶዋ ባለሱቅ ለጥቂት ከመገጨት ስትተርፍ፣ አባቷ ስልኩን አፉ ላይ ደቅኖ አፏጨና ቀዳው። ከዚያ ወዲህ ከእጁ የወጣ ሞተር ሁሉ ቀስ ብሎ ሲሄድ በእሱ ፉጨት «ዞር በሉ» ይላል። ባትሪው ሲሞላም አንዴ ያፏጫል። አባቷ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው፤ ፉጨቱ ግን ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ሲዞር ይውላል።

ጋራዡን የተረከበው አጎቷ በቅርቡ አዲስ ቻርጀር አስመጣ። ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን በሃያ ደቂቃ ይሞላል። አንድ ነገር ግን አለው፤ ሞተሩ መጀመሪያ ሲሰካበት የውስጥ ፕሮግራሙን ያድሳል፤ የቆየውንም ድምፅ በአዲስ ይተካል። መመሪያውን አንብባ እንድትነግረው የሰጠው ለቆንጥር ነበር።

«የእኛን ሞተሮች ያቃጥላል፣ ጋሼ» አለችው ዓይኗን በጨው ታጥባ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አጎቷ አመናት። ቻርጀሩ ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሞተረኞቹም እየተነጫነጩ ሦስት ሰዓት መጠበቃቸውን ቀጠሉ። የፉጨቱ ቅጂ አባቷ ስልክ ላይ እንዳለ ታውቃለች። የስልኩ ግን ካልነኩት አይሰማም። የመንገዱ ሳይጠሩት ይመጣል። ማጣት ያልፈለገችው እሱን ነው።

አንድ ቀን ጠፍቶ ያደረው መብራት ስምንት ሰዓት ላይ መጣና በጋራዡ የተሰኩት አስራ ዘጠኝ ሞተሮች እኩል መሙላት ጀመሩ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ አጎቷ ጎማ ሊገዛ ወጥቶ፣ ቆንጥር ብቻዋን የሒሳብ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ጥግ ያለው ሞተር አፏጨ። ቀጥሎ ከኋላዋ ያለው። ከዚያ ሁሉም፣ እየተቀባበሉ። ሰው በሌለበት ጋራዥ አባቷ አስራ ዘጠኝ ቦታ ቆሞ የሚያፏጭ መሰላት። እስከዛሬ ያላስተዋለችውንም ነገር ሰማች፤ ከእያንዳንዱ ፉጨት በፊት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች።

ቀና ስትል ማሙሽ በሞተሮቹ መካከል ቆሟል። መቼ እንደገባ አላየችም። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ጆሮውን ባትሪው ላይ ይለጥፋል።

«እሺ» ይላል ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሺ አባዬ፣ መጣሁ።»

«ማንን ነው የምታናግረው?»

«ና እያለኝ ነው።»

በዚህ መሃል ከውጭ ሌላ ፉጨት ተሰማ። ማሙሽ ሽው ብሎ ወጣ። ቆንጥር ወንበሩን ገልብጣ ተከተለችው። በሩ ጋ ስትደርስ እሱ እጁን ዘርግቶ፣ አስፋልቱ መሃል፣ አንዱን ሞተር ከኋላ ይከተላል። የጭነት መኪና ጎማ ሲጢጥ አለ። መኪናው ከልጁ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆመ። ማሙሽ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ሮጣ ያነሳችው ባለሱቋ ናት።

«ይሄ እኮ ዛሬ አልተጀመረም፣ ልጄ» አለቻት። «አንቺ ትምህርት ቤት፣ እናትሽ ሥራ፣ አጎትሽ ከብሎኑ ጋር ሲታገል፣ በየቀኑ ነው የሚከተላቸው። ስንቴ ጎትቼ አስገባሁት! ለእናትሽ ልንገራት እልና ሐዘኗ ላይ ሌላ ጭንቀት አልጨምርም ብዬ እተወዋለሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። አባቷ ሰው ከመንገድ ዞር እንዲል ያፏጨው ፉጨት የገዛ ልጁን ወደ መንገድ ሲጠራ ከርሟል። በውሸቷ ያቆየችው ደግሞ እሷ ናት። ቆንጥር ማሙሽን ተቀብላ አቀፈችውና ወደ ጋራዡ ገባች።

አጎቷ ጎማውን ተሸክሞ ሲመለስ ካርቶኑን እየቀደደች አገኛት።

«ምን እየሠራሽ ነው? ያቃጥላል አላልሽም?»

«አያቃጥልም። ዋሽቼህ ነው፣ ጋሼ።» መቅደዷን አላቆመችም። «ፉጨቱን ያጠፋዋል።»

አጎቷ ጎማውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ፤ እሷን ይሁን ራሱን አልታወቀም። «እኔም እኮ ባፏጨ ቁጥር ቀና እላለሁ።»

ቆንጥር ማሙሽን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ከሁሉ በፊት ከአስራ ዘጠኙ አንዱ የሆነውን የአባቷን የራሱን ሞተር ጎትታ ከአዲሱ ቻርጀር ጋር አገናኘችው። ባትሪው ሙሉ ስለነበር ብዙ አልቆየም። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነና ሞተሩ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ አሰማ። ትንፋሽ አልቀደመውም።

ማሙሽ የቀረውን ጠበቀ። የቀረ ነገር አልነበረም።

«ይሄ ማነው?» አላት።

«ሞተር ነው» አለችው።

ገና አስራ ስምንት ይቀራሉ። ገመዱን ነቀለች፣ እጁን ያዘች፣ ወደሚቀጥለው አብረው ሄዱ።