ቆርቆሮ የሌለው ወንድም

«ቆርቆሮህስ?» አለችው ፍሬን።

ሰውየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ስታዲየሙ አጥር ዞር ብሎ አየ። ከውስጥ የሕዝቡ ጩኸት ከፍ ብሎ መልሶ ወረደ፤ ኳሷ ለጥቂት ስታለች ማለት ነው። ሁለተኛው አጋማሽ እየተጋመሰ ነው። ተመልካቹ ሁሉ ውስጥ ስለሆነ ሳይክሎቹ የተደረደሩበት በገመድ የታጠረ ቦታ ጭር ብሏል። አባቷ መግቢያው አጠገብ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል።

«ቆርቆሮው ስታዲየም የገባ ጓደኛዬ ጋ ነው» አለ ሰውየው፤ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ስቦታል። «ሰው ታሞብኝ ነው እህቴ። ያቺ ሰፊ መጫኛ ያላት አረንጓዴዋ ናት። ቶሎ በይ።»

ፍሬን ጣቷን ገመዱ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ፍሬን የሚለውን ቅጽል ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን እያወቀችው ከአፏ አልወጣ ስለሚላት። የአባቷን ደንብ ደግሞ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። በምስማር ቁጥር የተበሳባቸው ጥንድ ጥንድ ቆርቆሮዎች አሉ። አንዱ በሽቦ ሳይክሉ መሪ ላይ ይታሰራል፤ መንትያው ለባለቤቱ ይሰጣል። ባለቤቱ ሲመለስ ሁለቱ ይገናኙና ጣሳ ውስጥ ይገባሉ። «ያለ ቆርቆሮ ለወለደችኝ እናቴም አልሰጥም» ይላል አባቷ፤ እናቱ ሳይክል ላይ ወጥተው አያውቁም እንጂ።

ልትቀሰቅሰው አሰበች። ግን ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ፣ ፊቱን ብቻ ታጥቦ ነው ወደዚህ የመጣው። አሳዘናት።

«ስጪው ባክሽ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ። «ወንድሜ ነው።»

ይህቺ ደግሞ ሬዲዮ ናት፤ ለምን እንዲህ እንደተባለች ማስረዳት አያስፈልግም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረው የተቀመጡ ናቸው፤ አንዷ ላትናገር፣ ሌላዋ ላትዘጋ የተማማሉ ይመስላሉ። ሬዲዮ አንድን ሰው አውቀዋለሁ ካለች ፍሬን ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች? ሽቦውን ፈታች፤ ቆርቆሮውን ጣሳው ውስጥ ጣለችው። ሰውየው አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ፔዳሉን ረግጦ ሄደ።

ጨዋታው አልቆ በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። አባቷ ከእንቅልፉ ብንን ብሎ ተነሳና ሥራውን ጀመረ። «ወንድሜ፣ ተራህን ጠብቅ።» «ወንድሜ፣ ይሄን መሪ አሳልፍልኝ።» «ወንድሞቼ፣ አትገፋፉ፤ ሁላችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ።» በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ወንድም ነው፤ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊም ቢሆን።

ዳቦ አከፋፋዩ ቆርቆሮውን ይዞ የመጣው ሕዝቡ ሊያልቅ ሲል ነው። አባቷ ቁጥሩን አየና ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደ። ሄዶ ቆመ። ከዚያ ረድፎቹን አንድ በአንድ እያየ ተመለሰ።

«ወንድሜ» አለ ዳቦ አከፋፋዩ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ነገ ንጋት ላይ ለሱቆቹ ዳቦ የማደርሰው በሱ እኮ ነው።»

አባቷ ጣሳውን መሬት ላይ ገልብጦ ቆርቆሮዎቹን ያገላብጥ ጀመር። መንትያውን ሲያገኘው ፊቱ ተለዋወጠ። ሌባ ገመድ አልፎ ሳይክል ቢወስድ ቆርቆሮውንም ይዞት ይሄዳል እንጂ ጣሳ ውስጥ አያስቀምጥም። ሳይክሉ አልተሰረቀም፤ በእጅ ተሰጥቷል።

«አንቺ ነሽ የሰጠሽው?» አላት ቀና ብሎ።

ፍሬን አፏን ከፈተች። ሬዲዮ ግን ቀደመቻት። «እኛ ውሃ ልንጠጣ ቧንቧው ጋ ሄደን ነበር አባባ። አሁን መመለሳችን ነው።» ይህን እያለች ከኋላ የፍሬንን ክንድ ቆነጠጠች።

አባቷ ፍሬንን አያት፤ እሷ መሬት መሬቱን አየች። ዙሪያውን ሰው ከቧቸዋል፤ አንዱ «ሌባ ናቸው እነዚህ» ይላል፣ ሌላው ይስቃል።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «በእንቅልፍ ልቤ ሰጥቼዋለሁ።»

ከዚያ ፍሬን ትምህርት ቤት የምትሄድበትን ሳይክል ከተደገፈበት አጥር አንስቶ ለዳቦ አከፋፋዩ አቀረበለት። «ያንተ እስኪገኝ በዚህ አድርስበት።»

«ኧረ የልጅ ሳይክል ወስጄ…»

«ውሰድ አልኩህ።»

ዳቦ አከፋፋዩ እያፈረ ወሰደው። ኮርቻው ለቁመቱ ዝቅ ስላለበት ጉልበቶቹ መሪውን እየነኩ ነው የሄደው። ሌላ ቀን ቢሆን ሬዲዮ በሳቅ ትሞት ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፍሬን ሬዲዮን ወደ ኋላ አስቀረቻት። «ማን ነው ሰውየው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ወንድሜ ነው አላልሽም?»

«ወንድሜ ነው አልኩ እንጂ የእናቴ ልጅ ነው አልኩ?» አለች ሬዲዮ። «ስንቱን ነው በቀን ወንድሜ የምንለው። ሰው ታሞብኛል ሲል አሳዘነኝ፣ በቃ። አሁን ብንናገር የምንገደለው እኛ ነን። አታካብጂ።»

ፍሬን አላካበደችም። ነገሩ ራሱ ግን እየከበደ ሄደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው የሌላ ሰው ውሸት ተሸክሞ አያውቅም መሰለኝ። በሳይክል የምትሄደውን መንገድ በእግሯ ስትሄደው ማለቂያ አልነበረውም። ክፍል ስትደርስ ጥቁር ሰሌዳው ይወዛወዝባታል። ለሒሳብ ፈተና አጠናለሁ ብላ መጽሐፍ ትከፍትና አንዱን ገጽ ደጋግማ ታነባለች። የእግሯ ድካም ግን ከሁሉ የቀለለው ነገር ነበር።

የከበዳት አባቷ ነው። ማታ ወደ መጋዘኑ ከመሄዱ በፊት የቁልፉን ዘለላ አውጥቶ ይሰጣታል። «ሁሉም አሉ? አንቺ እይልኝ።» ታይለታለች። «አሉ» ትለዋለች። በሩ ጋ ይደርስና ይመለሳል። «በደንብ አይተሻል? የገዛ ዓይኔን አላምነውም።» ቀን ቀን ደግሞ መተኛት ተወ። ጋደም ይልና እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ደንግጦ ይነሳል። እናቷ «ሰውነትህ ብረት አይደለም» ብትለው «ተኝቼ ምን እንደምሠራ አላውቅማ» አላት። የቀልድ አነጋገር ነበር፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ፍሬን ያዋሰቻትን የሒሳብ ደብተር ለመውሰድ ሬዲዮ ቤት ሄደች። የሬዲዮ እናት ከታመሙ ወዲህ ከአልጋ ሲወርዱ አይታ አታውቅም። ዛሬ ግን ደጃፉ ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠዋል። ክንዱ በሲሚንቶ የነጣ ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ሲታጠብ በጆግ ውሃ እያፈሰሱለት ይስቃሉ።

«ነይ ግቢ የኔ ልጅ» አሏት። «ወንድማችሁን ተዋወቂው። ከስንት ዓመት በኋላ መጣልኝ። ይኸው ሥራም ጀመረ።»

ሰውየው ቀና አለ። ኮፍያ አላደረገም፤ ግን አወቀችው። እሱም አወቃት። ከጀርባው ግድግዳውን ተደግፎ አረንጓዴ ሳይክል ቆሟል፤ ሰፊው መጫኛ ተፈቶ ወርዷል።

ሬዲዮ ደብተሩን ይዛ ከውስጥ ወጣች፣ ሦስቱን በየተራ አየችና ዝም አለች። ፍሬን ሬዲዮን አፏን ዘግታ ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሬዲዮን እጅ ይዛ ከአጥሩ ውጪ ወሰደቻት።

«የእናትሽ ልጅ ነው» አለች ፍሬን።

«ጓደኛዬ ውሰደው ብሎኛል ነው ያለኝ። እውነቱን ያወቅኩት የዚያን ቀን ማታ ነው፤ እናቴ ትሙት።»

«ውሃ ልንጠጣ ሄደን ነበር ያልሽው ግን ማታ አይደለም።»

ሬዲዮ የደብተሩን ጥግ ታጥፍ ጀመር። ስትናገር ድምፁ የራሷ አይመስልም፤ ቀስ ያለና የደከመ ነው። «ሥራው ከከተማ ውጪ ነው፣ በእግር አይደረስም። ካልሠራ ደግሞ ተመልሶ ይጠፋል። እናቴን አየሻት አይደል? ከአልጋ ያነሳት መድኃኒት አይደለም። አሁን ብትናገሪ ይታሰራል። አባትሽ ግን ምን ሆነ? አልታሰረ፣ አልተባረረ። ዳቦውም እየተከፋፈለ ነው። አንቺ ትንሽ እግርሽን ደከመሽ፤ ይኸው ነው።»

ፍሬን መልስ ፈለገች። ያበሳጫት ሬዲዮ መዋሸቷ ብቻ አልነበረም፤ የተናገረችው ሁሉ እውነት መሆኑም ነው። የእናትየዋ ሳቅ እውነት ነው፤ ሲሚንቶውም እውነት ነው። ደብተሯን ተቀብላ ሄደች። ለፈተናው ግን አልከፈተችውም፤ አርብ ቀን የወረቀቱን ግማሽ ባዶውን መለሰችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስትገባ አባቷ መሬት ላይ ተቀምጦ በፒንሳ ከቆርቆሮዎቹ ላይ አሮጌውን ሽቦ ይነቅላል። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ደም መስሏል።

«ምን እየሠራህ ነው አባዬ?»

«ስታዲየሙ በር ላይ ጫማ ለሚጠርገው ሊስትሮ ላስረክበው ነው። ከነገ ጀምሮ ሳይክሉን እሱ ይጠብቅ፤ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ አይጥለውም።» አንዱን ቆርቆሮ በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ሰኞ ደግሞ ለመጋዘኑ አለቃ እነግረዋለሁ። የሰው ንብረት በእንቅልፍ ልቡ የሚያድል ሰው ዘበኛ አይባልም። ሰው ከሚያባርረኝ እኔው ብለቅ ይሻላል።»

እናቷ ከጓዳ ሆና ሰማችው። ያነሳችውን ድስት መልሳ አስቀመጠችው።

ፍሬን ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ሬዲዮ አባትሽ ምን ሆነ ብላ ስትጠይቃት መልስ ያጣችለት ነገር አሁን ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ሁልጊዜ እንደሚያደርጋት ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ያዛት። ዋጠችው፤ ተመልሶ መጣ።

«ሳይክሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

አባቷ ፒንሳውን እንደያዘ ቀና አለ። የሚጮህ መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች።

«እኔ አልሰጠሁም?» አለ።

«አልሰጠህም። ተኝተህ ነበር።»

«ተኝቼ ብቻ?»

«ተኝተህ ብቻ። ከወንበርህም አልተነሳህም።»

ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ለፍሬን አልለየላትም። እሷ ግን አለቀሰች፤ ለሳምንት ያጠራቀመችውን ነው።

«ቆርቆሮ ሳይዝ ሰጠሽው?» አለ በመጨረሻ። አሁን ድምፁ የአባት ነበር።

«አዎ።»

«ለማን?»

«ለሬዲዮ ወንድም። ለእናቷ ልጅ። ሳይክሉ እነሱ ቤት ነው።» ከዚያ የሬዲዮን እናት ከአልጋ መነሳት፣ ሲሚንቶውን፣ የሥራውን ርቀት፣ ያወቀችውን ሁሉ ነገረችው። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

አባቷ ሰምቶ ሲጨርስ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ አላለም፤ ይቅር ብያለሁም አላለም። «የዳቦው ሰው ንብረት ነው» አለ። «ዛሬውኑ ለባለቤቱ ይመለሳል። ልጁ ራሱ ይዞት ከመጣ እናወራለን። ካልመጣ ሄጄ አመጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ የሚሆነውን እንጃ።» ሊነሳ መሬቱን ተመረኮዘ።

«ቆይ አባዬ» አለች ፍሬን። «እኔ ልቅደም። ሬዲዮ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።»

«ትጣላሽ ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

አባቷ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እስክትመለሺ አረፍ ልበል» ብሎ ባለበት ምንጣፉ ላይ ጋደም አለ። ፍሬን የጫማዋን ክር አስራ ሳትጨርስ ማንኮራፋት ጀመረ። እናቷ በእግር ጣቷ መጥታ ጋቢ አለበሰችው።

መንገዱ ያው ረጅሙ መንገድ ነው። ፍሬን በሩን ቀስ ብላ ገጠም አደረገችና ሬዲዮን ስታገኛት በምን ቃል እንደምትጀምር እያሰበች መራመድ ጀመረች።