ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ

«ድስቱን እንዳትነኩት!»

እህትየው ይህን ስትጮህ የወንድሟ አስከሬን ከተነሳ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም ነበር። ሊያጸዱ የመጡት ሰዎች መጥረጊያቸውን እንደያዙ የወርክሾፑ በር ላይ ቀጥ አሉ። ከአርባ ዓመት ያለፈች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ የደረቀ ቀጭን ሴት በተገለበጠው ምድጃና በተበታተነው ብረት መሃል እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ሬሳዋን ካልተራመዱ በቀር አንዲት ቁራጭ እንደማያነሱ ፊቷ ይናገር ነበር።

መርማሪዋ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው። በመሥሪያ ቤቷ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም። አጭር ናት፤ ከእሷ የሚከብድ የሚመስል ቦርሳ ታንጠለጥላለች፤ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ትታ እጁን ታያለች። ገና ከመግባቷ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«አደጋ ነው አይደል? ሰውየውን የገዛ ድስቱ ፈንድቶ ገደለው። ነገ ከሰዓት የጥራት ኮሚቴው በድስቱ ላይ ሊወስን ይሰበሰባል። ድስቱ አደገኛ ነው ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊና ዝጊው።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን?»

«ድስት ለምን ይፈነዳል?» አለችና ጉዳዩን ሳይሆን ስልኩን ዘጋችው።

ሟቹ መሐንዲስ ሰባት ዓመት ሙሉ የደከመው እሳት ለማያባክን ድስት ነው። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ድስት በድስት ውስጥ፣ በሁለቱ መካከል የተነፋ ደረቅ አመድ፣ በመያዣ የሚቆለፍ ክዳን። ባቄላ ከትተው አሥር ደቂቃ ያፈሉታል፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍተው ወደ ጉዳይዎ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ በስሎ ይጠብቅዎታል። ይህችን ቀላል ነገር እዚህ ለማድረስ መሐንዲሱ ስንት ድስት እንዳቃጠለ፣ እህቱም ስንት ያልበሰለ ባቄላ እንደቆረጠመች የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

መርማሪዋ ተንበረከከች። የውጭው ድስት አራት ቦታ ተቀዷል፤ አንደኛው ቁራጭ ነው የመሐንዲሱን አንገት ያገኘው። የውስጡ ግን ጥግ ላይ ተወርውሮ፣ ጎኑ ጎድጉዶ፣ ክዳኑ እንደተቆለፈ ተቀምጧል። ስትከፍተው ባቄላው ከነውሃው አለ።

«አየሽ?» አለች እህትየው። «የወንድሜ ሥራ አልፈነዳም። የፈነዳው ሌላ ሰው የጨመረበት ነገር ነው።»

«ማን?»

«እሱን አንቺ ፈልጊያ! ደሞዝ የሚከፍሉሽ ለምን ሆነና?»

መርማሪዋ ሴትዮዋን ወደደቻት። ከቁራጮቹ አንዱን አንስታ በጣቷ ፋቀችው። «አመዱ ደረቅ መሆን አልነበረበትም? ይሄ እኮ ጭቃ ሆኖ የተጋገረ ነው። የውስጡ ውሃ ደግሞ ጠብ አላለም።»

እህትየው ጎንበስ ብላ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ከእጀታው ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለች። የጋለው አየር የሚተነፍስባት። ወንድሜ ከመጣዱ በፊት ሁልጊዜ በሽቦ ወግቶ ያያታል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ከኮሚቴው የመጣው ፈታሽ ከለከለው። የመለኪያ ሽቦዎቼን ካጣበቅሁ በኋላ ድስቱን የሚነካ ሰው ካለ ፍተሻው ይሰረዛል አለ።»

እጀታው ያለበትን ቁራጭ ፈልገው አገኙት። ቀዳዳዋ የለችም። በቦታዋ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ግራጫ ነገር ተወትፏል።

የመሐንዲሱ በያጅ ግቢው ውስጥ በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። የብየዳ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «መነጽር» ብሎ ይጠራዋል።

«ያቺን ቀዳዳ ካልደፈንኳት ብለህ ትፎክር ነበር አሉኝ።»

«ፎክሬያለሁ!» አለ መነጽር፤ ድምፁ ተሰበረ። «ያምር የነበረውን ድስት ታበላሽብኛለች። ከጋሼ ጋር በየቀኑ እንጨቃጨቃለን፤ ከዚያ አብረን እንበላለን። ይኸው ነው ጠባችን።»

መርማሪዋ ቁራጩን አቀበለችው። አንዴ አይቶት ፊቱ ቀላ። «ይሄን ነው እኔ ላይ የምትለጥፉት? እኔ ብደፍን በብየዳ ነው የምደፍን። ይሄ ሊጥ ነው! እሰሩኝ፤ ግን በሥራዬ አትምጡብኝ!»

«እሺ፣ አትቆጣ። ከሥሩ የተቀረጸው ቁጥር ምንድነው?»

«ክብደቱ። እያንዳንዱን ስጨርስ መዝኜ በመሮ እቀርጽበታለሁ። የዚህኛው ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ አልነካኸውም?»

«ትናንት ከሰዓት። እትዬ እጀታው እጄን ፈጀኝ ስትለኝ አሮጌዎቹን ቆርጬ እንጨት የለበሱ አዲሶች በየድኩለት። ከኛ ከሦስታችን በቀር ማንም አላየም።»

«አሮጌዎቹ የት አሉ?»

«ቁርጥራጭ ሳጥን ውስጥ። ምን ያደርጉልሻል?»

«እንጃ» አለች መርማሪዋ፤ ወደ ሳጥኑ ሄደችና ሁለቱን ብረቶች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከበሩ ስትወጣ አንድ ባለፋብሪካ በክራንች እያነከሰ ሲገባ አገኘችው። ስስ የአሉሚኒየም ድስቶች የሚያመርት፣ ድምፀ ትልቅ ሰው ነው። እግሩ ከተሰበረ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጄሶ ለብሷል።

«ይሄ ድስት ገበያዬን ይዘጋዋል ብያለሁ፤ አልክድም» አላት ሳትጠይቀው። ከዚያ ወደ እህትየው ዞረ። «እቴ፣ አሁንስ ይብቃሽ። ወንድምሽን በክብር ቅበሪ፤ ድስቱንም አብረሽ ቅበሪው። በገዛ ሥራው የሞተ እየተባለ ስሙ በየቦታው ከሚነሳ ዝም ብትይ አይሻልም?»

«አይሻልም!» አለች እህትየው። «ዝም ካልኩማ ያኔ ነው በገዛ ሥራው የሞተው። ነገ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። ብቻዬንም ብሆን እቆማለሁ!»

ባለፋብሪካው ክራንቹን አዙሮ እያነከሰ ወጣ።

የፈታሹ ቢሮ እርሳሶቹ እንኳ በቁመታቸው የተደረደሩበት ክፍል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአገሩ የሚሸጥ ድስትና ምድጃ ሁሉ ያለ እሱ ማኅተም አላለፈም። መርማሪዋን በክብር ተቀብሎ ቅጹን ዘረጋላት።

«ያሳዝናል፤ ጎበዝ ልጅ ነበር። ችኩል ግን። ሥራ ደግሞ ችኮላ አይወድም። እኔ ለአሥር ግራም ልዩነት ድስት የመለስኩ ሰው ነኝ።»

«እውነትዎን ነው፤ ሁሉም ይመሰክርልዎታል። ዛሬ ጠዋትም መዘኑት?»

«ሳልመዝን ፍተሻ ጀምሬ አላውቅም። ይኸው፦ ባዶ ክብደት፣ ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።»

«ሲመዝኑ ማን ነበር?»

«ማንም። በፍተሻ ጊዜ ሰው አላስገባም። ሽቦዎቹን አጣበቅሁ፣ መሐንዲሱን ጠርቼ እንዲለኩስ ነገርኩት፣ እኔ ጓንቴን ከመኪና ላመጣ ወጣሁ። በዚያው ነው የፈነዳው።» እጆቹን እርስ በርስ ያሻሽ ነበር።

መርማሪዋ የመሣሪያ ሳጥኑን አየች። ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ውሃ መለኪያ ትልቅ ስሪንጅ፣ የሽቦ ጥቅል፣ አንድ ጣሳ፤ ከሥር ደግሞ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጥንድ ጓንት።

«ይሄ ጣሳ ምንድነው?»

«የሽቦ ማጣበቂያ። እሳት ይችላል።»

«ቶሎ ይደርቃል?»

«በአሥር ደቂቃ» አለ ፈታሹ፤ በኩራት ነበር የተናገረው።

አመስግናው ወጣች። ወደ ወርክሾፑ ተመልሳ አሮጌዎቹን እጀታዎች መዘነች፤ አዲሶቹንም ከቁራጮቹ ላይ አስቆርጣ መዘነች። ከዚያ ለአለቃዋ ደወለችና፣ ሊናገር አፉን ሳይከፍት፣ «አልዘጋውም» አለችው።

በማግስቱ ከሰዓት ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ሁሉም በዚያው ክፍል ተገኙ። ወለሉ ታጥቧል፤ ግድግዳው ላይ ግን ብረቱ የጫረው ጭረት አለ። እህትየው ከምድጃው አጠገብ ቆማለች። መነጽር ከኋላዋ ነው፤ ባለፋብሪካው ጄሶውን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ፈታሹ ቅጾቹን በክንዱ ሥር ይዟል። በመርማሪዋ ጥሪ የመጣው የኮሚቴው ሰብሳቢ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ላደክማችሁ አልፈልግም» አለች መርማሪዋ። «አመዱ ጭቃ ሆኗል፤ ስለዚህ ግድግዳዎቹ መሃል ውሃ ገብቷል። ቀዳዳዋ ተደፍናለች፤ ስለዚህ እንፋሎቱ መውጫ አጥቷል። ይህ አደጋ አይደለም፤ ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው። ማን ሠራው? መነጽር ፎክሯል፤ የደፈነው ግን ብየዳ አይደለም። ባለፋብሪካው ድስቱን ይጠላዋል፤ ነገር ግን በዚያ ክራንች ማንም ሳያየውና ሳይሰማው እዚህ ድረስ ገብቶ ሊወጣ አይችልም።»

«ተመስገን ጄሶዬ!» አለ ባለፋብሪካው። የሳቀለት የለም።

«እህትየዋስ?» አለ ፈታሹ ቀስ ብሎ።

«ጥሩ ጥያቄ። እሷ ወይም ሌላ ሰው ከእርስዎ በፊት ውሃውን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ጠዋት ሲመዝኑ ድስቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ከብዶ ያገኙት ነበር። ለአሥር ግራም ድስት የሚመልስ ሰው ያን ጊዜ አገር ይያዝልኝ ብሎ ይጮሃል። እርስዎ ግን ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ብለው ጻፉ።»

«የነበረውን ነው የጻፍኩት! ውሃ አልነበረበትም ማለት ነው። ሌላ ሰው በኋላ...»

«በኋላማ ከእጅዎ አልወጣም። ማንም እንዳይነካው ብለው ባለቤቱን እንኳ ከልክለዋል። ደግሞ ደረቅ ቢሆንም ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሊሆን አይችልም።» ከቦርሳዋ ሁለት ጥንድ እጀታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ቁጥሩ ሲቀረጽ ድስቱ እነዚህን አሮጌዎቹን ነበር የያዘው፤ ሁለት መቶ አርባ ግራም ናቸው። ከፍተሻው በፊት በነበረው ቀን አዲሶቹ ተበየዱለት፤ አራት መቶ አሥር ግራም። ድስቱ ባዶውን አራት ኪሎ ከሰባ ግራም ነበር። እርስዎ ይህን አላወቁም። ሚዛኑ ያሳየዎትን ትተው ከሥሩ የተቀረጸውን ገለበጡ። ለምን? ሚዛኑ ያሳየውን ቢጽፉ ውሃው ይጋለጣላ።»

መርማሪዋ ወደ ፈታሹ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ውሃውን በቀዳዳዋ በስሪንጁ ጨመሩበት፤ ቀዳዳዋን በሽቦ ማጣበቂያዎ ደፈኑ፤ አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ ሳጥንዎ ውስጥ ያለውን ጓንት ፍለጋ ወደ መኪና ሄዱ። የደፈኑበት ነገር ከጣሳዎ ጋር አንድ መሆኑን ላቦራቶሪ ዛሬ ጠዋት አረጋግጦልኛል።»

«ምን ቆርጦኝ?» አለ ፈታሹ፤ ቅጾቹ ከክንዱ ሥር መንሸራተት ጀምረው ነበር። «ምን አደረገኝና?»

የመለሰችለት እህትየው ናት። «ወንድሜ ቴርሞሜትርህ እንደሚዋሽ አሳየህ! በረዶ ውሃ ውስጥ ከትቶ፣ ዜሮ ማለት ሲገባው አራት ሲል በዓይንህ አየህ። ይሄን ድስት ሦስት ጊዜ ከፍተሻ የጣልከው በዚያ ነው። ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ ሲልህ ዘጠኝ ዓመት የመታኸው ማኅተም ሁሉ ሲፈርስ ታየህ።»

ፈታሹ ሰብሳቢውን አየ፤ ሰብሳቢው ፊቱን አዞረበት። «ይሰነጠቃል ብዬ ነው እንጂ...» አለ። «ድስቱ እንዲሰነጠቅ ነው። ሰው ይሞታል አላልኩም።»

«ሰው አይሞትም ካሉ እርስዎ ለምን ወጡ?» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው ሲወስዱት ቅጾቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ የሚያነሳቸው አልተገኘም።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እጅግ ያሳዝናል። እንግዲህ ሁኔታው እንዲህ ከሆነ የድስቱ ጉዳይ ወደ ሌላ ጊዜ ቢተላለፍ... ሕዝቡም ፈርቷል...»

«አይተላለፍም!» አለች እህትየው።

ከመደርደሪያው ላይ እንደ ፈነዳው ያለ ሌላ ድስት አወረደች። ቀዳዳዋን በሽቦ ወጋቻት፤ ሰብሳቢውንም ጎንበስ አስብላ አሳየችው። ባቄላና ውሃ ጨምራ ክዳኑን ቆለፈች፣ ወንድሟ የወደቀበት ቦታ ላይ ጣደችው፣ ክብሪት ጫረች። ባለፋብሪካው ክራንቹን ይዞ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሰብሳቢውም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መነጽር ግን መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ እሜቴ ለምንም ቦርሳዋን አስቀምጣ በወዲያኛው ጎን ቆመች። አሥር ደቂቃ ሙሉ የጋለው አየር በቀዳዳዋ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር።

እህትየው እሳቱን አጠፋች።

«እስኪበስል ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አለችው ሰብሳቢውን። «ሳይቀምሱ የሚሄዱ የለም። ወንበር ይሳቡ።»

ሰብሳቢው በሩን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ከድስቱ አጠገብ ተቀመጠ።