ከማሽን ክፍሉ የመጣው ምት

እመኑኝ ብዬ አልለማመጥም። ሆኗል። የበሩን መቀርቀሪያ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ዕለቱ የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ የቅዱስ ጴጥሮስ፣ የሳን ፔድሮ በዓል፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሩብ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ስሜ ኖርካ ነው። ኬሚስትሪ ተምሬ በሰሜን ፔሩ፣ ወደብ ላይ ባለ የበረዶ ፋብሪካ እሠራለሁ። ለዓሣ ጀልባዎች በረዶ እናመርታለን።

ውሃውን በረዶ የሚያደርገው አሞኒያ ነው። ከአየርና ከተፈጥሮ ጋዝ ይመረታል። በአካባቢው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ማዳበሪያ ይሆናል፤ እኛ ጋ ደግሞ በቧንቧ እየዞረ ያቀዘቅዛል። ቀለም የለውም። ውሃ ይወዳል...

ዓይን ውስጥ ያለውን ውሃ። ሳንባ ውስጥ ያለውንም።

ሠራተኛው ሁሉ ለበዓሉ ወጥቷል። የቀረነው እኔና ዶን ቴኦፋነስ ብቻ ነበርን። ሠላሳ ዓመት ማሽኖቹን የጠበቁ ሽማግሌ ናቸው።

ማሽን ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ዓይኔ ማቃጠል ጀመረ።

«ዶን ቴኦፋነስ፣ እያፈሰሰ ነው።»

አየሩን ሳብ አደረጉ። «ምንም አይሸትም።»

«ለእርስዎ ነው የማይሸተው። በሠላሳ ዓመት አፍንጫዎ ሞቷል።»

«የዩኒቨርሲቲ ዓይን አልቃሻ ነው፣ ኢንጂነር።»

ሳቁብኝ። ቢሆንም የድኝ ፈትል ለኮሱ። እኛ ጋ አሞኒያ የሚታደነው እንዲህ ነው፤ የድኙ ጭስ ካገኘው ወፍሮ ይነጣል።

ፈትሉን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጉት...

ጭሱ ወተት መሰለ።

ሳቃቸው ቆመ።

ለእሳት አደጋ ደወልኩ። በአርባ ደቂቃ እንደርሳለን አሉ። የቅዱሱን ሐውልት ይዘው ባሕር የወጡት ጀልባዎች ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደጃችን ያርፋሉ። ሕፃን አዋቂው ከወዲሁ እዚያ ተሰብስቧል።

«ገብቼ ቫልቩን እዘጋለሁ» አሉ ዶን ቴኦፋነስና የጋዝ ጭምብላቸውን አጠለቁ።

የበሩ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁልጊዜ ውጭ ይቀራል። የማሽኑ ጩኸት ስለማያነጋግር ቧንቧውን በመፍቻ እየመታን እንግባባለን። አንድ ምት፣ ደህና ነኝ። ሦስት ምት፣ ክፈቱልኝ።

ገቡ። ቀረቀርኩ።

ጣ።

ደህና ናቸው። በጎማ የበሩን ስር ውሃ እረጫለሁ፤ ውሃ ጋዙን ይይዘዋል።

ጣ።

ትንሽ ቆይቶ... ጣ።

በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ እኩል ነበር። በጣም እኩል። ዶን ቴኦፋነስ እንዲህ አይመቱም፤ ችኩል ናቸው።

ከዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ፈነዳ። ፉጨት ተከተለ። ነጭ ጉም በበሩ ስር እየተሳበ ወጣ።

ጣ... ጣ... ጣ።

መቀርቀሪያውን ያዝኩ። ከኋላዬ የበዓሉ ባንድ ይሰማል፤ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ከከፈትኩ ጋዙ ሕዝቡ ላይ ነው። ካልከፈትኩ ሽማግሌው አለቁ።

«ቫልቩን ዘግተውታል?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጣ... ጣ... ጣ።

ግማሽ ሳብኩት።

እርጥብ እጅ ክንዴን ያዘ።

«አትክፈቺ።»

ዶን ቴኦፋነስ ነበሩ። ከአናት እስከ እግር ርሰዋል። ጭምብል የለም። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

«በየት ወጡ?»

«በጣሪያው መስኮት። ቫልቩ እምቢ አለኝ፣ ጭምብሉም አፈነኝ። ወጥቼ ውሃ ገንዳው ውስጥ ዘለልኩ።»

«መቼ?»

«ገና አንዴ መትቼ።»

ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን።

ጣ... ጣ... ጣ።

«ውስጥ ሌላ ማን አለ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ማንም። ባዶ ነበር።»

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ይጮሃል።» እንዲህ ነው የተማርኩት።

«ሦስት ሦስት እያለ?»

ሰው ከሆነስ?

ባንዱ ቀረበ። የልጆች ሳቅ ሰማሁ።

መቀርቀሪያውን መልሼ ገፋሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ውሃ መርጨት ብቻ ነበር። ዶን ቴኦፋነስ ማየት አቅቷቸዋል። ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው «ታገሥ፣ ልጄ... ታገሥ» ይላሉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ምቱ እየደከመ ሄደ። ሦስቱ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አንድ።

አንድ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው።

ከዚያ ዝም አለ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በጣሪያው ወርደው ቫልቩን ዘጉ። ውስጥ ሰው አላገኙም። ከሕዝቡ ማንም አልተነካም። ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው ተጠየቀ፤ የጠፋ ሰው የለም።

በዚያው በበዓሉ ዕለት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ፣ በሩን ራሴ ከፈትኩት። የፈሰሰው አሞኒያ ወለሉን አመዳይ አልብሶታል። በበሩ በኩል ማንም አልረገጠውም፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ ነው።

ከደፉ ሥር ብቻ ሁለት ባዶ ቦታ ነበር። የባዶ እግር ቅርጽ፣ ጣቶቹ ወደ እኔ የዞሩ። ወደዚያ የመጣ ዱካ የለም። ከዚያ የሄደም የለም።

ተንበርክኬ መዳፌን ባዶው ሲሚንቶ ላይ አሳረፍኩ።

ይሞቃል።