የዝናሽ ትኬት

«ንኪው እንጂ፣ አይነክስሽም!» አሉ ጋሼ ባንተአምላክ፣ ላፕቶፑን በመስታወቱ ባንኮኒ ላይ ወደ እየሩስ ገፋ እያደረጉ።

እየሩስ አንዱን ፊደል በጣቷ ጫን አለችው። ቁልፉ ለስለስ ብሎ ወረደና ተመለሰ። የዛሬ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ሱቁን በእልልታ ታቀልጠው ነበር። ዛሬ ግን እጇን ቶሎ ሰበሰበችና ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

«እንግዲህ ነግሬሻለሁ» አሉ ጋሼ ባንተአምላክ። «ሱቁን ዘግቼ ወልድያ ልገባ ነው። በዚህ መንገድ ዕቃ ጭኜ ከማሰባብር ብዬ ነው በግማሽ ዋጋ የምጥለው። እስከ ማታ ላንቺ ይዤልሽ እቆያለሁ። ነገ ከአምደወርቅ አንድ አስተማሪ ይመጣል፤ ያኔ አልሰማሁም እንዳትዪ።»

የክፍል ጓደኛዋ ትግስት በክርኗ ጎሰመቻት። «አንቺ ምን ሆነሻል? ነፍስ የሆነ ላፕቶፕ ነው! ብሩ ገብቶልሽ የለ እንዴ?»

«ገብቷል።»

«እና ምን ታካብጃለሽ?»

«ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«አቦ አትቀልጂ! ክረምቱን ሙሉ ላፕቶፕ፣ ላፕቶፕ ስትዪ ጆሮዬን አደንቁረሽው፣ አሁን ቤት ደርሼ ልምጣ?»

እየሩስ ነገሩን ለትግስትም ቢሆን አልነገረቻት። ከሱቁ ወጣችና ጭቃውን እየዘለለች ወደ ሰፈሯ የሚወስደውን ዳገት ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ መምህር ሙሉሰው ክፍል ገብተው የሚቀጥለው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር እንደሚሰጥ ነገሯቸው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኡ!» አለ። «አትደንግጡ» አሉ መምህሩ። «ኮምፒውተሩ መፈተኛው ቦታ ይጠብቃችኋል። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ እዚሁ ቤተ ሙከራችን ገብታችሁ በተራ ትለማመዳላችሁ።» ይኸው ነው የተባለው። አንዲት ቃል አልተጨመረችም፤ የጨመረችው እየሩስ ናት።

እርግጥ ቤተ ሙከራውን ታውቀዋለች። አንድ ኮምፒውተር ላይ አራት ተማሪ ይጋፋል፤ እሱም መብራት ያለ ቀን ነው። የራሷ ቢኖራት እንዴት እንደምትዘጋጅ እያሰበች፣ ፊልምም እንደምታይበት እያሰበች (ይህንንም ማሰቧ አልቀረም)፣ ጅዳ በሰው ቤት ለምትሠራው ታላቅ እህቷ ለዝናሽ በኢሞ የድምፅ መልእክት ላከች። «ዝንዬ፣ ፈተናው በኮምፒውተር ሊሆን ነው። የራሱ ላፕቶፕ የሌለው አይፈተንም ተብለናል።»

«ቢኖረኝ ጥሩ ነበር» ማለት ትችል ነበር። ግን እህቷን ታውቃታለች። «ጥሩ ነበር» ከተባለች ዝናሽ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ብላ ታልፈዋለች። «አይፈተንም» ከተባለች ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። እየሩስ ይህን አውቃ ነው የተናገረችው፤ የነገሩ ክፋትም እዚህ ላይ ነው።

ዝናሽ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት። «እውነት ነው እንዴ? የድሃው ልጅስ ምን ሊሆን ነው?» ብላ።

«እውነት ነው» አለች እየሩስ። ሁለቱንም ጊዜ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእየሩስ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ትናንት ገንዘቡ ገባ፤ ከገንዘቡ ኋላ የዝናሽ ድምፅ መጣ። እየሩስ ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ቁጢጥ ብላ አዳመጠችው።

«እየሩስዬ፣ ላኩልሽ። የትኬቴ ነበር። ኮንትራቴ አልቋል፤ ማዳም ግን አሁን ከሄድሽ በራስሽ ትኬት ሂጂ፣ ሁለት ዓመት ከጨመርሽ ግን ያኔ ትኬቱን እኔ እችላለሁ ብላኛለች። ልጨምር ነው። አንቺ ሳትፈተኚ ከምትቀሪ እኔ ብቆይ ይሻላል። ነገ ማታ ነው የምታስፈርመኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ። በደንብ አጥኚ እሺ?»

«እሺ?» ስትል ድምፇ ቀጥኖ ነበር። ዝናሽ ስታለቅስ ድምፇ እንዲህ እንደሚቀጥን እየሩስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

አባታቸው የሞቱ ጊዜ ዝናሽ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ትምህርቷን ጥላ «እየሩስ ትማር፣ እኔ እሠራለሁ» ብላ ነው የሄደችው። ስትሄድ የዚያ ዓመት ሻደይ ሊገባ ቀናት ነበር የቀረው፤ የዋግ ልጃገረዶች በነሐሴ አጋማሽ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው የሚጨፍሩበት በዓል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየሩስ ጭፈራውን በስልክ ትቀርጽላታለች፤ ዝናሽም ኩሽና ውስጥ ሆና ታየዋለች። የዘንድሮውን ግን «ሰቆጣ መጥቼ ነው የምጨፍረው፣ ቦታዬን ያዙልኝ» ብላ ለሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ መልእክት ልካለች።

እየሩስ ዳገቱን ስትጨርስ ከቤታቸው በኩል ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ሰማች። እናቷ ወይዘሮ ጥሩሐረግና ጎረቤታቸው እትዬ እማዋይሽ ከደጅ ባለው መጠለያ ሥር ሙቀጫውን መሃል አድርገው ጌሾ እየተቀባበሉ ይወቅጣሉ። ከአጠገባቸው በእንቅብ የተሞላ ብቅል ተቀምጧል። እንደዚህ ነው በእነሱ ሰፈር፤ ከዓረብ አገር የሚመጣ ሰው አለ ከተባለ ጠላው የአንድ ቤት ጠላ አይደለም። አንዱ ብቅል፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ማር እያለ ያዋጣል። እናቷ ደግሞ ዝናሽ «እመጣለሁ» ካለችበት ቀን ጀምሮ ያልነገረችው ሰው የለም።

«መጣሽ የኔ እናት?» አለች እናቷ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እህትሽ ወፍራለች ከስታለች? ለሻደይ ቀሚስ ላሰፋላት ብል ወገቧን አላውቀው። በዚያ ስልክ ፊቷን ብቻ ነው የምታሳየኝ።»

«እኔም አላውቅም እማዬ።»

«ሰፋ አድርገሽ አሰፊያ» አሉ እትዬ እማዋይሽ። «ቢሰፋ ይጠባል። ይኸው እኔም ያለችኝን ብቅል ይዤ መጣሁ። የኔዋ ልጅ ዓረብ አገር ከወጣች ወዲህ እንኳን መምጣት ድምፇም ጠፍቷል። የሰው ልጅ ስትገባ አይቼ እንኳ ልደሰት ብዬ ነው።»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። እትዬ እማዋይሽ ያን ብቅል ከምን ላይ ቀንሰው እንዳመጡት ታውቃለች፤ ዘንድሮ ማሽላቸው ያሸተው ከፊሉ ብቻ ነው።

«ኧረ ትኬቱንስ ቆረጠች ይሆን?» አለች እናቷ። «ስጠይቃት ነገር ታስቀይስብኛለች።»

«ባትቆርጥስ! ሸጌ ከዓረብ አገር ስትመለስ አባቷ በሬውን ሽጦ ከዚህ አይደል የቆረጠላት? ገንዘቡ ይኑር እንጂ ትኬቱ ከዚህም ይቆረጣል» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

ገንዘቡማ አለ። እየሩስ ስልኳን በነጠላዋ ውስጥ ጨበጥ አደረገችው። ወዲያው ደግሞ ልቧ ይከራከራት ጀመር። ዝናሽ ራሷ እኮ ነች ግዢ ያለችኝ። ዋጋው ነገ የለም። በደንብ አጥንቼ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ፣ ሥራ ከያዝኩ እክሳታለሁ። ሁለት ዓመት ምን አላት? ሁለት ዓመት! ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች። ሁለት ዓመት የሰው ዕቃ የምታጥበው እየሩስ አይደለችማ! ብትናገርስ? እናቷ ምን ትላለች? ዝናሽ ሁለተኛ ታምናታለች? እትዬ እማዋይሽ ለሰፈሩ ሳያወሩ ይውላሉ? ዝም ብትል ግን የሚያውቅባት ሰው የለም። ማንም፣ መቼም።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለች እናቷ። «አሞሻል?»

«ደህና ነኝ።»

ስልኩ ጮኸ። ዝናሽ ነበረች። እየሩስ ሳታነሳው እናቷ ከእጇ ላይ ቀማቻትና ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ዝናሼ! ሆዴ! ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ማዳም ተኝታለች፣ ቀስ ብዬ ነው የምደውለው። ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ጌሾ ነዋ! ያንቺ ጠላ ነው! እማዋይሽም ብቅሏን ይዛልሽ መጥታለች።»

ከዚያ ወገን ድምፅ ጠፋ። እናቷ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችውና መልሳ ለጠፈችው። ዝናሽ እንደገና ስትናገር አማርኛውን ትታ በኽምጠኛ ነበር። የእነሱ ቤት ልማድ ነው፤ የከበደ ነገር ሲመጣ ሁሉም በእናታቸው ቋንቋ ይናገራሉ። «እማዬ፣ ጠላውን ለጊዜው አቆዩት። አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር...» አለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷም በኽምጠኛ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ሲጠፋ እየሩስ ቆማ አየችው።

ከዚህ በላይ አልቻለችም። «እማዬ፣ ስልኩን ስጪኝ» አለች።

«ቆይ፣ እህትሽ የምትለውን ልስማ...»

«እኔ ነኝ የምነግርሽ። ስጪኝ።»

ስልኩን ወሰደችና ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያዘችው። «ዝንዬ፣ እንዳትፈርሚ።»

«አንቺ! እማዬ አጠገብሽ አይደለችም እንዴ? ዝም አትዪም?»

«ዋሽቼሻለሁ። ላፕቶፕ የሌለው አይፈተንም ያለ ሰው የለም። ኮምፒውተሩ እዚያው መፈተኛው ቦታ አለ። ትምህርት ቤትም እንለማመዳለን ተብለናል። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ስለፈለኩት ነው... ስለፈለኩት ብቻ ነው።»

የሙቀጫው ድምፅ ቆመ። እትዬ እማዋይሽ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። እናቷ «ምኑን ነው የምትፈርመው?» አለች።

እየሩስ የምትሰማው የዝናሽን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ምነው በሰደበችኝ፣ ምነው በጮኸችብኝ አለች በልቧ።

«ሁለት ጊዜ ጠይቄሻለሁ» አለች ዝናሽ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ ነው ያደርኩት፤ ታውቂያለሽ? ለእማዬ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ።»

«ይቅር በይኝ።» የእየሩስ እንባ አገጯ ላይ ደረሰ። «ብሩ እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም። ትኬቱን ከዚህ እንቆርጥልሻለን። የሸጌ አባት የት እንደሚቆረጥ ያውቃሉ፤ አሁኑኑ እሄዳለሁ። ብቻ እንዳትፈርሚ።»

«ላፕቶፑስ?»

እየሩስ ያን ለስላሳ ቁልፍ አሰበችው። አልፈለኩትም ብትል ሌላ ውሸት ይሆንባታል። «ይቆያል» አለች። «እኔም እንደ ሰው በተራዬ እጋፋለሁ።»

ከወዲያ በኩል በር የተከፈተ መሰለ፤ የሴት ድምፅ በዓረብኛ ተጣራ። ዝናሽ በጥድፊያ፣ በሹክሹክታ፣ ግን ጥርሷን ነክሳ አንድ ነገር ተናገረችና ስልኩ ተዘጋ።

እየሩስ ቀና ብላ እናቷን ማየት ፈራች። እንደ ቆመች ለጋሼ ባንተአምላክ ደወለች። «ጋሼ፣ እየሩስ ነኝ። ላፕቶፑን ለአስተማሪው ይስጡት።»

«ምነው ልጄ? በዚህ ዋጋ ሁለተኛ አታገኚም እኮ!»

«አውቃለሁ ጋሼ። መልካም መንገድ ይሁንልዎ።»

ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ መለሰችው። እናቷ ከሙቀጫው አጠገብ ተቀምጣ፣ ዘነዘናውን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ትኩር ብላ ታያታለች። ሁሉም ነገር ገብቷታል።

«እህትሽ በመጨረሻ ምን አለችሽ?» አለች እናቷ። ድምፇ ደርቆ ነበር።

«"ስመጣ በሳማ ነው የምገርፍሽ" አለች።»

«"ስመጣ" አለች?»

«አዎ። "ስመጣ" ነው ያለችው።»

ወይዘሮ ጥሩሐረግ በረዥሙ ተነፈሰች። ተነሣች፤ መቀነቷን አጠበቀች፤ ዘነዘናውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔም አግዛታለሁ» አለችና ጌሾዋን መውቀጥ ቀጠለች። «ሂጂ አሁን፣ የሸጌን አባት ሳይወጡ ድረሺባቸው።»