የረቡዕ ዶሮዎች

አጫጁ ዋለ፣ አብደራፊ ከተማ አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ፣ በአጫጆች ዳስ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አምስት ቀን አተኩሶት ሲያስል ነበር። የእርሻው ነርስ ኪዳን በሁለተኛው ቀን በኢንፍሉዌንዛ ፈጣን መመርመሪያ ቢያየው አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ በሽታው የለበትም ማለት ነው። እንግዲህ ወሬው ወደ ወጥ ቤት ዞረ፤ ያበላችው ምግብ አብሳይዋ መስቱራ ናት፣ መርዛዋለች ተባለ።

ኢንስፔክተር አዛለች ከገንዳ ውሃ ከተማ ስትደርስ መስቱራ መጋዘን ተቆልፎባት ነበር። አዛለች ከአስከሬኑ ናሙና አስወስዳ ጎንደር ላከችና ግቢውን ትዞር ጀመር። የዶሮ ቤቱ ባዶ ነው። ከጀርባው ትኩስ አፈር፣ ላዩ አመድ።

«ዶሮዎቹ የት ሄዱ፣ አቶ ባየልኝ?» አለች የእርሻውን ባለቤት።

«ዋለ ሳይታመም፣ ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ለት ለሠራተኛው አሳረድኳቸው። አጫጅ ካልበላ አያጭድም።»

ሰኞ ሁሉንም ግራር ሥር ሰበሰበቻቸው፤ አራርቃ አስቀምጣ፣ እሷ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሠርግ ነው ፍርድ ቤት?» አለ ባየልኝ።

«ረቡዕ ጾም ነው» አለች አዛለች። «ከነዚህ ደገኛ አጫጆች ረቡዕ ዶሮ የሚቀምስ የለም፤ እርስዎም አይቀምሱም። ስለዚህ አልታረዱም፤ ሞቱ። የቀበራቸው ዋለ ነው፤ ላባው ጃኬቱ ስፌት ውስጥ ቀርቷል። ከጎንደር ላቦራቶሪም ዛሬ ደውለው ነበር፤ የገደለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ነው።»

«የወጣው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው» አለ ኪዳን።

«ያቺ መስመር መሣሪያው መሥራቱን ብቻ ነው የምትናገር። መመርመሪያው እንደ ኬላ ጠባቂ ነው፤ የሚይዘው መልኩን የሚያውቀውን ነው፤ እሱም አንዳንዴ ያመልጠዋል። አዲስ መልክ ይዞ የመጣማ የባሰ ያልፈዋል። አቶ ባየልኝ የዶሮዎቹን ማለቅ ቢነግሩህ ኖሮ፣ ባንዲት መስመር አምነህ ሰውየውን ከሐኪም ቤት አታስቀረውም ነበር።»

ኪዳን አንገቱን ደፋ። ባየልኝ ወደ ማሳው ዞረ።

«ሰሊጡ ደርሶ ነበር» አለ። «አጫጆቹ ቢሰሙ ይበተናሉ። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ይረግፋል።»

ከአዛለች ጋር የመጣው ፖሊስ ባየልኝን ይዞት ሄደ። አዛለች ወደ መስቱራ ዞራ ነጻ መሆኗን ነገረቻት። መስቱራ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«አምስት ቀን ራሱን ደግፌ አጥሚት ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት አተኩሶኝ ኪዳን ሲመረምረኝ አንድ መስመር ወጣልኝ፤ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር። አሁን ያቺን መስመር ምን ልበላት?»

ነፋሱ በዚህ መሐል ዞሮ ከመስቱራ ወደ አዛለች ይነፍሳል። አዛለች ወንበሯን አላሸሸችም።